ለጎንደር ጓሮ የትኛው የካሮት ዘር ይሻላል? ናንቴስ፣ ሻንቴኔ፣ ኩሮዳና ሌሎቹ በአፈርና በወቅት ሲመዘኑ

ካሮት በጓሮው ሊዘራ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዘር መሸጫው ነው። በእሽጉ ላይ የታተመውን ረጅምና ቀጥ ያለ ካሮት ያያል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ገዝቶም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ከመሬት የሚያወጣው ግን እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ፣ የተጣመመ ወይም ከአውራ ጣት ያልበለጠ ሥር ሲሆንበት «ዘሩ መጥፎ ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔም የመጀመሪያ ዓመቴን ያሳለፍሁት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ዘር ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ጥልቅና ልል አፈር ለሚፈልግ ዝርያ የሰጠሁት መሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ከሥሩም ድንጋይ የተነጠፈበት ነበር።

በዚህ ምክንያት ዝርያዎቹን የማወዳድረው በጣዕማቸውና በመልካቸው ብቻ አይደለም። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ጓሮዎች ምርጫውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም የአፈሩ ጥልቀትና ዓይነት፣ ዘሩ የሚዘራበት ወር፣ እንዲሁም ካሮቱ በማዕድ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት ናቸው። ከሦስቱ አፈሩ ይቀድማል፤ ወቅቱን መጠበቅ ይቻላል፣ የምግቡንም ዓይነት መለወጥ ይቻላል፣ የአንድን ጓሮ መሬት መለወጥ ግን የዓመታት ሥራ ነው።

መሬቱን አስቀድሞ መለካት

ቀላሉ መለኪያ ለግንባታ የሚውለው ቀጭን ፌሮ ነው። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ባደረ ማግስት ፌሮውን በአምስት ወይም በስድስት ቦታ ላይ በእጅ ብቻ እየገፉ ማስገባት፣ ከዚያም አልገባም ብሎ የቆመበትን ልክ በሜትር መለካት ይበቃል። ዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ ባለቤቱ የፈለገውን ዝርያ መምረጥ ይችላል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከገባ ናንቴስን መሞከር ይቻላል፤ ከ15 እስከ 20 ከሆነ ሻንቴኔ ይሻላል፤ ከ15 በታች ከሆነ ደግሞ ወይ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ወይም ክብ ዝርያ መፈለግ ይገባል። ይህ ልኬት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ስንቱን የባከነ ወቅት ሊያድን እንደሚችል ሳስብ፣ ዘር የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢያደርገው እመኛለሁ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች የወይና ደጋ ከተማ ናት። በተዳፋቱ ላይ ያሉት ጓሮዎች ብዙዎቹ ቀላ ወይም ቡናማ የሆነ፣ ውሃ በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ነገር ግን ስስና ድንጋይ የበዛበት አፈር አላቸው። ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ ዋልካው ይጀምራል። ዋልካ ጥልቀት አለው፣ ለምነትም አለው፤ ለካሮት ግን ሁለት ከባድ ጠባዮች አሉት። በክረምት ውሃ ይዞ ያብጣልና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ገጹም እንደ ቅርፊት ይጠነክራልና እንደ ክር የቀጠነው የካሮት ቡቃያ ሰብሮት ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ጎንደሬ ከድንጋይ ጋር ሲታገል ሌላው ከጭቃና ከስንጥቅ ጋር ይታገላል፤ ለሁለቱም የሚስማማው ዝርያ አንድ አይደለም።

ናንቴስ

ናንቴስ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ከተማ ነው። ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ጫፉ ድንብዝ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ካሮት ነው። ከሌሎቹ የሚለየው በመካከሉ ያለው ልብ ቀጭን መሆኑና ቀለሙም ከዳሩ ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። የካሮት እንጨትነት የሚሰማው በዚያ ልብ ውስጥ ስለሆነ ናንቴስ ሲነከስ ቀሽ ይላል፣ ውሃ አለው፣ ይጣፍጣል። ልጆች ከመሬት እንደወጣ አጥበው በጥሬው እንዲበሉት፣ ለሰላጣ ወይም ለጭማቂ ከሆነ የሚዘራው፣ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ይህ ጣዕሙ ግን ዋጋ አለው። ናንቴስ እንደ ሾጣጣ ዝርያ አፈሩን እየበሳ የሚወርድ አይደለም፤ ጫፉ ድንብዝ ስለሆነ ጠንካራ ነገር ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ይጠመዘዛል ወይም ለሁለት ይከፈላል። ቅጠሉም ሳሳ ያለ ስለሆነ ጎትተው ሲያወጡት ቅጠሉ በእጅ ላይ ቀርቶ ሥሩ ከመሬት ይቀራል፤ በመቆፈሪያ ከጎኑ ቀለል አድርጎ ካላቀቁት በኋላ ማውጣት ይሻላል። ደርሶ ሳለ በመሬት ውስጥ ብዙ ከቆየና መስኖው አንዴ በዝቶ አንዴ ካነሰ በቁመቱ ይሰነጠቃል። በአጭሩ ናንቴስ መደቡን በሚገባ ያዘጋጀና በየቀኑ የሚጎበኝ ሰው ዝርያ ነው።

ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ይዘው ናንቴስን የሚመኙ ሰዎች መንገዱ አልተዘጋባቸውም። እኔ ከሦስተኛ ዓመቴ ጀምሮ የማደርገው ይህ ነው፤ ከጓሮው የተለቀመውን ድንጋይ በአራት ማዕዘን ደርድሬ ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠራሁ፣ ውስጡንም በወንፊት በተነፋ የጓሮ አፈር፣ በደንብ በበሰለ ብስባሽና በወንዝ አሸዋ ሞላሁት። መጠኑ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች መደብ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ሙሌት ትፈልጋለች፤ ሥራው አድካሚ ቢሆንም የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለው መደብ ላይ በጥቅምት የተዘራ ናንቴስ በገበያ ከሚሸጠው የማያንስ ቀጥ ያለ ካሮት ሰጥቶኛል።

ሻንቴኔ

ሻንቴኔም መሠረቱ ፈረንሳይ ነው፤ አንዳንድ ሻጮች እሽጉ ላይ እንደተጻፈው «ቻንቴናይ» ይሉታል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እየሾጠጠ ይሄዳል፣ ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የትከሻው ስፋት እስከ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ቅርጽ ለከባድና ለስስ አፈር የተመቸ ነው፤ ሾጣጣው ጫፍ ጠንከር ያለውን አፈር እየከፈተ ይገባል፣ ሥሩም ክብደቱን የሚያገኘው ከርዝመት ሳይሆን ከውፍረት ስለሆነ ጥልቀት ሲያጥረው ብዙ አይጎዳም። ቅጠሉ ብርቱ ስለሆነ ከዋልካ ላይ እንኳ ጎትቶ ለማውጣት ይቀላል።

በአዘዞ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ከጥቁር መሬታቸው ላይ ሌላ ዝርያ ሁለት ጊዜ ዘርተው ከከሸፈባቸው በኋላ ሻንቴኔ ዘርተው ያወጡትን አሳይተውኛል፤ አጭር፣ ጠብደል ያለ፣ ሦስቱ ለአንድ ድስት የሚበቃ ነበር። እርሳቸው አሸዋ አልጨመሩም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር መደቡን ከፍ ማድረግና የዘሩትን በዋልካው ሳይሆን በተነፋ ብስባሽ ማልበስ ነው። ዋልካ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

የሻንቴኔ ድካሙ በልቡ ላይ ነው። ልቡ ወፍራም ስለሆነ በወቅቱ ካልተነቀለ እንጨት ይሆናል፤ ስለዚህ ትከሻው 4 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ማውጣት መጀመር ይገባል። ሰፊው ትከሻ ከአፈር በላይ ብቅ ሲል ፀሐይ ያገኘው ክፍል አረንጓዴ ይሆንና ይመራል፤ ይህን ለመከላከል ሥሩ መወፈር ሲጀምር አፈር ማስታቀፍ ግድ ነው። በጥሬው ሲበላ ከናንቴስ ጋር አይወዳደርም። ለድንች በካሮት አልጫ፣ ለጥቅል ጎመን ወይም ለፎሶሊያ ግን፣ ሥጋው ጠንከር ያለ ስለሆነ ቶሎ አይፈርስም፣ ቅርጹን ይዞ ይበስላል። በጾም ወራት ካሮት በጎንደር ቤቶች የሚበላው በአብዛኛው ተቀቅሎ ወይም ከዘይትና ከሽንኩርት ጋር ተቁላልቶ በመሆኑ፣ በጣዕም ረገድ ሻንቴኔ ይሸነፋል የሚለው ነቀፋ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም። ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበስልና ትንሽ ዘይት ሲያገኝም ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል።

ኩሮዳ

ኩሮዳ የጃፓን ዝርያ ነው። ቅርጹ በናንቴስና በሻንቴኔ መካከል ነው ማለት ይቻላል፤ ሾጣጣ ሆኖ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቀለሙም ደመቅ ያለ ነው። የሚወደድበት ምክንያት ሙቀትን መቻሉ ነው። የካሮት ሥር ቀለሙንና ጣዕሙን በሚገባ የሚይዘው አየሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ሥሩ ይገረጣል፣ ያጥራል፣ ይመራል። በጎንደር ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የዓመቱ ሞቃት ወቅት ሲሆን የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ወቅት በመሬት ውስጥ የሚቆይ ካሮት ለመዝራት የሚገደድ ሰው ከሦስቱ ኩሮዳን ይምረጥ። ቅጠልን ከዳር ጀምሮ የሚያጠቁረውንና የሚያደርቀውን አልተርናሪያ የተባለ የሻጋታ በሽታ በመቋቋምም ይመሰገናልና፣ በክረምቱ እርጥበት ለሚዘራ ሰውም አማራጭ ነው።

ሆኖም ለሞቃት አካባቢ የተለመዱ ዝርያዎች ለማበብ የሚፈልጉት ቅዝቃዜ በአብዛኛው አነስተኛ ነው። ካሮት በተፈጥሮው ሁለት ወቅት የሚፈልግ ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ሥሩን ያወፍራል፣ ለሳምንታት የቆየ ብርድ ካገኘ በኋላ ግንድ አውጥቶ ያብባል። ያበበ ካሮት ሥሩ ገመድ ይሆናልና አይበላም። ስለዚህ በዳባትና በደባርቅ በኩል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርቱ በሚሆንበት ደጋ፣ ኩሮዳን በጥቅምት መዝራት አልመክርም፤ ለዚያ ናንቴስ ይሻላል። በጎንደር ከተማ ውስጥ ግን ይህ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ስለሌሎቹ በጥቂቱ

ዳንቨርስ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካለች ከተማ ስሙን የወሰደ ሾጣጣ ዝርያ ሲሆን ለከባድ አፈር የሚሆን፣ ከተነቀለም በኋላ የሚቆይ ነው፤ ከተገኘ የሻንቴኔ ምትክ ሊሆን ይችላል። ኢምፔራተር 25 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል ረጅምና ቀጭን ካሮት ነው። የእሽጉ ሥዕል እጅግ የሚያምረው የእርሱ ነው፤ ጥልቅ አሸዋማ መሬት ለሌለው የጎንደር ጓሮ ግን ጨርሶ አይሆንም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የተሳሳትሁት በእርሱ ነው። የፓሪስ ክብ ካሮት የሚባለው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንደ ቀይ ሥር ክብ ዝርያ ሲሆን በባልዲና በሰፋፊ ቆርቆሮ ውስጥም ይበቅላል፤ በረንዳ እንጂ ጓሮ ለሌለው ሰው የሚሆን እርሱ ነው፣ ችግሩ ዘሩን ማግኘት ነው። በአገራችን ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ሐረማያ 1» የተባለ ዝርያም አለ፤ ዘሩን በአገር ውስጥ ማፍራት መቻሉ ትልቅ ነገር ነውና የሚያገኝ ሰው ትንሽ መደብ ላይ እንዲሞክረው አበረታታለሁ።

ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ ካሮቶችን በተመለከተ ብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስሉታል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ካሮት በመካከለኛው እስያ፣ በፋርስና በአፍጋኒስታን አካባቢ ሲለማ ቀለሙ ሐምራዊና ቢጫ ነበር፤ ብርቱካናማው የተስፋፋው ከብዙ ዘመን በኋላ በኔዘርላንድ ነው። ሐምራዊው ሲቀቀል ቀለሙን ለውሃው ስለሚለቅ አልጫውን ያጠቁረዋል፤ ለጥሬ ሰላጣ ካልሆነ በቀር ለእኛ ማዕድ ብዙም አይመችም።

ድቅል ዘር ወይስ መደበኛ?

ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። እሽጉ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ምልክት ያለው ድቅል ዘር ነው። ድቅል ዘር ቡቃያው እኩል ይወጣል፣ ሥሩ በመጠን ይመሳሰላል፣ በአንድ ጊዜም ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ነቅሎ ለሚሸጥ ገበሬ ትልቅ ጥቅም ነው። ለቤት ጓሮ ግን እኩል መድረሱ እንዲያውም ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ የሚፈልገው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየነቀለ ለሁለት ወር መብላት ነውና። የድቅል ዘር ዋጋ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከእርሱ የሚወሰደውም ዘር የወላጁን መልክ አይጠብቅም። ስለዚህ ለቤት ፍጆታ የሚዘራ ሰው መደበኛውን ናንቴስ ወይም ሻንቴኔ ቢገዛ አይጎዳም ባይ ነኝ።

ዋጋም ሆነ ዓይነት ከዘሩ ዕድሜ አይበልጥም። የካሮት ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ተከፍቶ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ግን እርጥበት እየገባበት ቶሎ ይደክማል። ከእንዲህ ያለ ቆርቆሮ ከመግዛት ቀኑ የተጻፈበትን ትንሽ እሽግ መግዛት ይሻላል። ጥርጣሬ ካለ 20 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ቀን ያህል ሞቅ ባለ ቦታ ማቆየት፣ ከዚያም የበቀሉትን መቁጠር ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ወይ አወፍሮ መዝራት ወይም ሌላ ዘር መፈለግ ይገባል። ዘሩ ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም ተቀብቶ ከመጣ በሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ፣ ከልጆችም ማራቅ ያስፈልጋል።

ወሩ ዝርያውን ይለውጠዋል

በጎንደር ለካሮት እጅግ የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ነው። መሬቱ ከክረምቱ የተረፈ እርጥበት አለው፣ ፀሐዩ አይጎድልም፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በዚህ ወቅት ሁሉም ዝርያ ይሆናል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው አፈሩ ብቻ ነው። እሽጉ ላይ ለናንቴስም ሆነ ለሻንቴኔ ከ65 እስከ 75 ቀን የሚል ይጻፋል፤ በእኔ ጓሮ ግን በእነዚህ ቀዝቃዛ ወራት ሦስት ሳምንት ይጨመርበታል። በመስከረም መጨረሻ የተዘራ ለጥምቀት እንግዶች ይደርሳል፤ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ የተዘራው ደግሞ ለዐቢይ ጾም ይሆናል። ሁለቱን ለመያዝ በአንድ ጊዜ ሁሉን ከመዝራት ይልቅ መደቡን ለሦስት ከፍሎ በየሦስት ሳምንቱ መዝራት ይሻላል።

ከታኅሣሥ በኋላ የሚዘራ ሰው ሥሩ የሚወፍርበት ጊዜ ከሙቀቱ ጋር ስለሚገጥም ኩሮዳን ይምረጥ፣ ውሃውንም አስቀድሞ ያስላ። በበጋው አንድ ካሬ ሜትር የካሮት መደብ በቀን እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአራት ካሬ ሜትር ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ መሬት ዘርቶ ግማሹን ከማስጠማት ሁለት ካሬ ሜትር በሚገባ ማጠጣት ይበልጣል።

ሰኔ ላይ በዝናብ መዝራት ለብዙዎች ቀላል ይመስላቸዋል፤ ውሃ የሚሰጠው ሰማይ ነውና። ነገር ግን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ዘሩን ከመደብ ያጥባል፣ አፈሩን ይደፈጥጣል፣ ቅጠሉን በበሽታ ይመታል። በክረምት ለመዝራት የሚወስን ሰው በዋልካ ላይ ጨርሶ ባይሞክር፣ በተዳፋት ላይም ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ኩሮዳን ወይም ሻንቴኔን በግንቦት መጨረሻ ቢዘራና ዋናው ዝናብ ሳይበረታ ቡቃያው እንዲጠነክር ቢያደርግ ይሻላል።

አዘራሩ በየትኛውም ዝርያ የሚጋራውና የሚለየው

ካሮት በችግኝ ተነቅሎ አይተከልም። ዋናው ሥር ሲነካ ወዲያው ስለሚከፈል በሚያድግበት ቦታ ላይ ነው የሚዘራው። በአንድ ግራም ውስጥ ከ700 እስከ 900 የሚሆኑ ፍሬዎች አሉ፤ ስለዚህ በእጅ ብቻ ሲዘራ እየበዛ ይወድቃል። ዘሩን ከአምስት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ፣ 25 ሴንቲ ሜትር በተራራቀና ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት በተከፈተ ፈር ላይ መበተን ይህን ያቃልላል።

ብዙ ሰው ካሮት የሚከሽፍበት ከመዝራቱ እስከ መብቀሉ ባሉት ቀናት ነው። ቡቃያው ለመውጣት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ መብቀል የጀመረው ዘር ይሞታል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቤት የሚገኝ ነው፤ መደቡን በሚገባ አጠጥቶ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ጆንያውን ጧትና ማታ ማርጠብ፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ ገልጦ ማየት። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ብቅ ሲሉ ጆንያው በዚያው ቀን ማታ መነሣት አለበት፤ አንድ ቀን ከዘገየ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል።

ማሳሳት ላይ ግን ዝርያዎቹ ይለያያሉ። ናንቴስ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ሲተው ይበቃዋል፤ በዚህ ስሌት አንድ ካሬ ሜትር ላይ 80 ያህል ይቆማሉ። ሻንቴኔ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ 7 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ወደ 56 ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ግን ይከብዳል። ኩሮዳ በሁለቱ መካከል ነው። ቡቃያ መንቀል የሚያሳዝናቸው ሰዎች አሉ፤ ሳይሳሳ የቀረ መደብ ግን ከቅጠል በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። የመጀመሪያው ማሳሳት አራት ጣት ሲረዝም፣ ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሁን፤ በሁለተኛው የሚነቀሉት ቀጫጭኖች ይበላሉ።

ፍግን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ያልበሰለ ፍግ ከካሮት ጋር አይዋደድም፤ ሥሩ ይከፈላል፣ ጸጉር ያወጣል፣ ኃይሉም ወደ ቅጠል ይሄዳል። ፍጉን በቀደመው ወቅት ለጎመን ወይም ለጥቅል ጎመን ሰጥቶ በዚያው መደብ ላይ ካሮትን ማስከተል ጥሩ ሥርዓት ነው። ከድንብላል፣ ከእንስላልና ከነጭ አዝሙድ በኋላ ግን አይዘራ፤ ሁሉም የካሮት ዘመዶች ናቸውና በሽታና ተባይ ይጋራሉ። ሥሩ ላይ እንደ ፍሬ ያሉ እብጠቶች ከታዩ ኔማቶድ የተባሉት በዓይን የማይታዩ ትሎች ገብተዋል ማለት ስለሆነ ያንን መደብ ለሌላ ሰብል መተው ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ ዝርያዎች አንዱም በዚህ ረገድ ከሌላው ይሻላል ልል አልችልም።

እንግዲህ ምርጫው በጓሮ በጓሮው

ተዳፋት ላይ ያለ፣ ድንጋይ የበዛበት፣ ውሃ የሚያሳልፍ ጓሮ ኖሮት መደብ ለመሥራት ጉልበትና ጊዜ ያለው ሰው በጥቅምት ናንቴስ ይዝራ። መደብ መሥራት የማይችል ከሆነ በዚያው ወር ሻንቴኔ ይዝራ፣ ድንጋዩንም እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ይልቀም። ዋልካ ላይ ያለ ሰው ውሃው እስኪጠነፍፍ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ታግሦ ሻንቴኔን ይዝራ፣ ብስባሽም ያልብሰው፤ መሬቱ ከመሰንጠቁ በፊት እንዲያወጣውም ከጥር መጨረሻ አያሳልፈው። በበጋው መካከል ወይም በክረምት መግቢያ ለመዝራት የተገደደ ሰው ኩሮዳን ይፈልግ። በደባርቅና በዳባት ደጋ ያለ ሰው ናንቴስን ከመስከረም ሳያሳልፍ ይዝራ።

ገና ያልወሰነ ሰው ካለ ደግሞ ከሁለት ትናንሽ እሽጎች፣ ከናንቴስና ከሻንቴኔ፣ እኩል እኩል ወስዶ በአንድ መደብ ላይ ፈር በፈር እያፈራረቀ ይዝራቸው፣ በየፈሩም ጫፍ ስማቸውን በእንጨት ላይ ጽፎ ይትከል። በጥር መጨረሻ ከሁለቱም አሥር አሥር ነቅሎ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ የተከፈሉትን ቢቆጥርና ቢመዝናቸው፣ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛውን እንደሚገዛ የራሱ መሬት ይነግረዋል።